የተወሰደው ላፕቶፕ እና የማናውቀው አንቀጽ 14

ዛሬ ስለ ራሽን ቅነሳ ወይም ስለ ሪሴትልመንት አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ፊልም ነው። «በዚህ ሰዓት ስለ ፊልም ማውራት የጥጋብ ወሬ አይደለም ወይ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ነገሩ የእንጀራም የመብትም ጉዳይ ነው።

በቅርቡ ካኩማ የሚኖር አንድ ወዳጄ ማታ ላይ ደወለልኝ። ይህ ሰው ቪዲዮ ቤት አለው። ቪዲዮ ቤት ስላችሁ ሲኒማ አምፒር እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፤ በቃ ይኸው ነው። ቀን ቀን የአሜሪካና የሕንድ ፊልም፣ ማታ ኳስ፣ እሑድ እሑድ የአማርኛ ፊልም ያሳያል። መግቢያው 20 ሽልንግ ነው። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የሚያስተዳድረው በዚህች ቤት ነው።

«ሁለት ሰዎች መጥተው ላፕቶፑንም ሃርድ ዲስኮቹንም ይዘው ሄዱ» አለኝ። «መታወቂያ አላሳዩኝም፣ ወረቀትም አልሰጡኝም። የሰው ፊልም እየሰረቅህ ነው፣ እስራት ይጠብቅሃል አሉኝ። ከዚያ አንደኛው ገለል አድርጎኝ 30 ሺህ ሽልንግ ካመጣህ ነገሩ እዚሁ ያልቃል አለኝ። አንተ ሕግ ታነባለህና እስቲ ንገረኝ፤ እውነት እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። «ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። «አይዞህ፣ ምንም አላጠፋህም» ብለው ውሸት ይሆናል። «ጥፋተኛ ነህ፣ ክፈልና ተገላገል» ብለውም ውሸት ይሆናል። ያን ሌሊት ሕጉን ሳገላብጥ አመሸሁ። ይህ ጽሑፍ በማግስቱ የነገርኩት መልስ ነው፤ ትንሽ ረዘም ብሎ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ናይሮቢ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ኢስሊ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ፍላሽ ላይ ፊልም መጫን ነበር። ደንበኛው ፍላሹን ይሰጠኛል፣ ከዝርዝሩ ይመርጣል፣ እኔ እጭንለታለሁ። አንድም ቀን «ይህ ፊልም የማን ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የሰረቅሁም አይመስለኝም ነበር። ሌባ ሲወስድ ዕቃው ከባለቤቱ ይጠፋል፤ ፊልም ግን ኮፒ ስታደርገው እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። ታዲያ ምኑ ነው ስርቆት?

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሰው፣ እሱም ስደተኛ ነው፣ መጥቶ አንድ የአማርኛ ፊልም ጠየቀኝ። ጫንኩለት። ከፈለኝና ትንሽ ቆም ብሎ «ይህ ፊልም ሲሠራ የመብራት ሠራተኛ ነበርኩ» አለኝ። «የመጨረሻ ክፍያዬን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩም። ፕሮዲውሰሩ ፊልሙ በሲዲ ሳይወጣ ተሰረቀብኝ፣ የምከፍልህ የለኝም አለኝ። ለልጄ ላሳያት ነው የምወስደው።» በቁጣ አልነበረም የተናገረው። እንዲያውም አመስግኖኝ ነው የሄደው። ገንዘቡን ልመልስለት ስል ሰዉ ውስጥ ገብቶ ጠፋብኝ።

ያን ቀን ጠፋ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። የጠፋው ፊልሙ አይደለም፤ የሰውየው ደመወዝ ነው።

ካምፕ ከተማ ሲሆን

ጉዳዩን ዛሬ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ሺሪካ ፕላን የሚባለውን ዕቅድ በይፋ አስጀምሯል። የዕቅዱ ሐሳብ ካኩማንና ዳዳብን ከካምፕነት አውጥቶ ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ አብረው የሚኖሩባቸው ከተሞች ማድረግ ነው። ስለ ዕቅዱ ጥሩነትና ጉድለት በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር እንድታዩ ነው፤ ካምፕ ከተማ ሲሆን የከተማ ሕግ ተከትሎት ይገባል። ካኩማ ከተቋቋመበት ከ1992 ጀምሮ «የስደተኛ ነገር ነው» ተብሎ በዝምታ የታለፈው ሁሉ፣ ሻይ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ቪዲዮ ቤቱም፣ ፈቃድና ግብር የሚጠየቅበት ንግድ ይሆናል።

በዚያው በ2025 የምግብ ርዳታው በእጅጉ ተቀንሷል። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ጥቃቅን ንግድ እየገባ ነው። ቪዲዮ ቤት መክፈት ደግሞ ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥንና ሃርድ ዲስክ ካለህ ከነገ ጀምሮ ትሠራለህ። ሰው ወደዚህ ንግድ በሚገባበት ሰዓት ሕጉም አብሮ እየመጣ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ መሐል ላይ የሚገኘው እንደ ወዳጄ ያለ ሰው ነው።

ከመጣንበት ሀገር ሕጉ ለምን ተለየብን?

ብዙዎቻችን ፊልም ኮፒ ማድረግ ወንጀል የማይመስለን ያደግንበት ሁኔታ ስላስለመደን ነው። ለዚህ ደግሞ የሕግ ምክንያትም አለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ። አዋጁ ሲወጣ ለስላሳ አልነበረም። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይል ነበር፤ የሞራል ካሳውም ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይደነግግ ነበር። ግን የሚጠብቀው የማንን ሥራ ነው? ኢትዮጵያዊ የሆነ ወይም ዋና መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ሰው የሠራውን፣ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበውን፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በገባችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚጠበቀውን ነው። የዘርፉ ዋና ስምምነት የበርን ስምምነት ይባላል፤ በ1886 የተፈረመ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ሳትቀላቀል ረጅም ዘመን ቆይታለች። ስለዚህ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የሆሊውድ ፊልም እያባዛ የሚሸጥ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አልነበረም። የአማርኛውን ፊልም የሚያባዛው ግን በዚያው አዋጅ የሚያስጠይቅ ወንጀል ይሠራ ነበር። እኛ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቀን «ኮፒ ያው ኮፒ ነው» ብለን ለመድነው።

ድንበር ስንሻገር ሕጉ ተቀየረ፤ ልማዳችን ግን አልተቀየረም። ኬንያ ከ1993 ጀምሮ የበርን ስምምነት አባል ናት። የራሷን የቅጂ መብት ሕግ በ2001 አውጥታለች። ሕጉን የሚያስፈጽመው የኬንያ የቅጂ መብት ቦርድ ነው፤ በተለምዶ ኬኮቦ ይሉታል። በ2019 ሕጉ ሲሻሻል ኢንተርኔትም ተጨመረበት፤ ባለመብቱ በሥርዓቱ ማሳወቂያ ካስገባ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው የተባለውን ይዘት በ48 ሰዓት ውስጥ መዝጋት አለበት። ዩጋንዳና ታንዛንያ ያላችሁም «እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ፤ ሁለቱም የበርን አባላት ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ውጭ በመቆየቷ የተጠቀመ የመሰለን ኮፒ አድራጊው ነው። የተጎዳው ግን የራሳችን ፊልም ሠሪ ነው። እንዲህ ያለው ስምምነት በመሰጣጣት የቆመ ነው፤ አንተ የኔን ጠብቅልኝ፣ እኔ ያንተን እጠብቅልሃለሁ። ኢትዮጵያዊ ሠርቶት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የወጣ ፊልም ናይሮቢ ላይ ሲሸጥ፣ ባለቤቱ በበርን በኩል «መብቴ ነው» ለማለት መንገዱ ጠባብ ሆነበት። የሆሊውዱ ባለሀብት ናይሮቢ ላይ ጠበቃም ሕግም አለው፤ የመብራት ሠራተኛውን ደመወዝ ያልከፈለው ፕሮዲውሰር ግን ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ «የአማርኛ ፊልም ማንም አይጠይቀኝም» የምትሉ ወገኖች፣ ምናልባት እውነታችሁን ይሆናል። ግን የማይጠይቃችሁ ከሁሉም ደካማው ሰው መሆኑን እወቁ።

ማን ነው የሚጠየቀው?

«ፊልም ያየ ሁሉ ይታሰራል ወይ?» አይደለም። ሕጉ ሰዎችን በአንድ ዓይን አያይም። እንደኔ ንባብ በኬንያ ሕግ ነገሩ እንዲህ ይከፈላል።

መጀመሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አለ። ያለፈቃድ የተባዛ ፊልም ማየት ንጹሕ ነገር ነው አልልም፤ ነገር ግን የወንጀል ድንጋጌዎቹ ላይ «ለግልና ለቤት አገልግሎት ካልሆነ በስተቀር» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ዋናው ዒላማ ተመልካቹ አይደለም።

ቀጥሎ የሚያባዛና የሚሸጥ አለ፤ የድሮው እኔ ማለት ነው። ለመሸጥ ማባዛት፣ መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማከፋፈል፣ ለማባዣ የሚያገለግል መሣሪያ ለዚሁ ዓላማ ይዞ መገኘት፣ ሁሉም ወንጀል ነው። በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል፤ ለአንዳንዶቹ ጥፋቶች እስራቱ እስከ 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው እንደ ወዳጄ ያለው ነው፤ ለሕዝብ የሚያሳይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሲዲውን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ፣ ታዲያ ባሳየው ምን አለበት?» ይላል። ሲዲ ስትገዛ የምትገዛው ቤትህ የማየት መብት ነው እንጂ በር ላይ ቆመህ 20 ሽልንግ የምትቀበልበት መብት አይደለም። ኳሱም እንደዚያው ነው፤ የቤት ደንበኛ ሆነህ ያስገባኸውን ዲሽ ለሕዝብ ከፍተህ ማስከፈል ሌላ ውል ይፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ ፊልም ለሕዝብ የሚያሳይ ቤት ከኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። ይህ የቅጂ መብት ጉዳይ አይደለም፤ ፊልሙ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የሚቆጣጠር ሌላ ሕግ ነው። ሁለቱ ፈቃዶች አይተካኩም።

ሕጉ ለአሳዪው የተወው አንድ በር ግን አለ። በቅን ልቦና እንደሠራና መብት እጥሳለሁ ብሎ የሚጠረጥርበት በቂ ምክንያት እንዳልነበረው ማስረዳት ከቻለ መከላከያ ይሆነዋል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግን ከእንግዲህ «አላውቅም ነበር» ማለቱ ያስቸግረዋል። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በሩን የዘጋሁባችሁ እኔ ነኝ።

ተርጓሚዎችን አልረሳሁም። ትርጉም ፊልም የሚባለውን ሁላችንም እንወደዋለን። እዚህ ኬንያ ዲጄ አፍሮ የውጭ ፊልሞችን በስዋሂሊ እየተረከ ስሙን ተክሏል፤ ዩጋንዳም ቪጄ የሚባሉት በሉጋንዳ እየተረጎሙ አዳራሽ ይሞላሉ። ትልቅ ችሎታ ነው፣ ሥራም ነው። በሕግ ግን የመተርጎም መብት የባለሥራው ነው። ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ መብታቸውን ገዝቶ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በማይክራፎን የሚተርከው ወጣት ደግሞ የራሱ ድምፅ የራሱ ሆኖ ሳለ ፊልሙ የሰው ስለሆነ የደከመበት ሁሉ በአንድ ማሳወቂያ ሊወርድበት ይችላል።

ደረሰኝ የሌለው ቅጣት

እንግዲህ ወዳጄ አጥፍቷል። እውነቱን መናገር ይሻላል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ራሱ በአንቀጽ 2 ስደተኛ የተጠለለበትን ሀገር ሕግ የማክበር ግዴታ አለበት ይላል።

ግን እነዚያ ሁለት ሰዎችስ? የቅጂ መብት ተቆጣጣሪ የሹመት ወረቀት አለው፤ እንዲያሳያችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዕቃ ሲወስድ ምን እንደወሰደ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ቅጣት የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው እንጂ በር ላይ የቆመ ሰው አይደለም። ደረሰኝ የሌለው ቅጣት ቅጣት አይደለም፤ ሌላ ስም ነው ያለው። የሰው ፊልም ያለፈቃድ ማሳየትና ከድሃ ቪዲዮ ቤት ያለወረቀት ላፕቶፕ መውሰድ፣ ሁለቱም የማይገባን ነገር መውሰድ ነው። አንደኛው ሌላኛውን አያጸድቀውም።

ስደተኛው የሚፈራው ደግሞ የገንዘብ ቅጣቱን ብቻ አይደለም። «ኬዜ ይበላሽብኛል» ብሎ ነው። ተቀባይ ሀገራት የወንጀል ታሪክ ስለሚያጣሩ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፍርሃቱን ወደ ገንዘብ ይቀይረዋል። በድብቅ የከፈለ ሰው ጉዳዩ ስላልተዘጋ በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ይመጡበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የነገርኩት ይህን ነው፤ «አትክፈል። መጀመሪያ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎች ጋ ሂድ። የወሰዱትን ዕቃ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ።» የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 16 ፍርድ ቤት የመቅረብና የሕግ ድጋፍ የማግኘት መብታችንን ከሀገሬው ዜጋ እኩል ያደርገዋል።

የማናውቀው ግማሽ

እስካሁን ያወራሁት ሕጉ እኛን ሲመታ ነው። ስለ ቅጂ መብት ስናወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ሌላው ግማሽ ግን አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው።

ካሎበዬይ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ጠይቃኛለች። ፊልም አነሣስ የተማረችው ካምፕ ውስጥ ነው። ፊልም ኤይድ የተባለው ድርጅት ከ2001 ጀምሮ በካኩማ ፊልም ሲያሳይና ወጣቶችን ሲያሠለጥን መቆየቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ካምፕ ውስጥ ፊልም ሠሪ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ይህች ልጅ በስልኳ የ20 ደቂቃ ፊልም ሠራች። ውኃ ለመቅዳት ሌሊት ስለሚሰለፉ ሴቶች ነው። ተዋንያኑ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ መብራቱ የእጅ ባትሪ ነው። ዩቲዩብ ላይ ጫነችው።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቻናል ፊልሙን ወስዶ፣ ርዕሱን ቀይሮ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን የስም ዝርዝር ቆርጦ ለቀቀው። እሷ ጋ ጥቂት መቶ ሰው ነበር ያየው፤ እዚያኛው ላይ ብዙ ሺህ ሰው አየው። ስታለቅስ ደረስኩ። «ክሰሻ!» ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሀገር የለኝም። በማን ሕግ ነው የምከሰው?»

ይህ ጥያቄ የሁላችንም ነው። መልሱ ደግሞ ከ1951 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እኛ አላነበብነውም። የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 14 ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ፈጠራ መብት ነው። ስደተኛ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለሥነ ጥበብና ለሳይንስ ሥራዎቹ፣ ዘወትር በሚኖርበት ሀገር ለዚያ ሀገር ዜጋ የሚሰጠው ጥበቃ ሳይቀነስ ይሰጠዋል ይላል። በሌላ የስምምነቱ አባል ሀገር ደግሞ ዘወትር የሚኖርበት ሀገር ዜጋ እዚያ የሚያገኘውን ጥበቃ ያገኛል። ኬንያ ስምምነቱን በ1966 ተቀብላለች። የኬንያ የቅጂ መብት ሕግም ዜጋን ብቻ አይልም፤ ኬንያ ውስጥ መደበኛ ነዋሪ የሆነ ሰው የሠራውን ሥራም ይጠብቃል። የበርን ስምምነትም ከአባል ሀገር ያልሆነ ሰው በአባል ሀገር ዘወትር የሚኖር ከሆነ እንደዚያ ሀገር ዜጋ ይቆጥረዋል።

አያችሁ የነገሩን አካሄድ? አዲስ አበባ ያለው ፕሮዲውሰር ናይሮቢ ላይ ያላገኘውን ጥበቃ፣ ካሎበዬይ ያለችው ስደተኛ ልጅ ታገኛለች። ሀገር የለኝም ያለችው ልጅ ለፊልሟ ሀገር አላት። ድንበሩን በተቃራኒ የተሻገሩትም እንደዚሁ ናቸው፤ ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ የሚዘፍን የደቡብ ሱዳን ወጣት ዋና መኖሪያው ኢትዮጵያ ከሆነ የ1996ቱ አዋጅ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ደግሞ ማኅተም አያስፈልግም። መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲሠራ ነው። ኬኮቦ ምዝገባ አለው፤ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ ግን መብቱን የሚፈጥረው ምዝገባው አይደለም።

የፎርሙ ወጥመድ

መብት አለ ማለት ግን መንገዱ ቀና ነው ማለት አይደለም። ልጅቷ ዩቲዩብ ላይ የማስወረጃ ፎርሙን ከፈተች። ፎርሙ ሙሉ ሕጋዊ ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጠይቃል። ወረደ በተባለው ቪዲዮ ቦታ ላይ የባለመብቱ ስም ሊታይ ይችላል። የወሰደው ሰው «የኔ ነው» ብሎ ከተከራከረ ደግሞ በ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ መሠረት እሱም ስሙንና አድራሻውን ማስገባት አለበት፤ ባለመብቱ በጊዜው ፍርድ ቤት ካልሄደ ቪዲዮው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል።

ለተራ ሰው ይህ ፎርም ነው። ካገሯ የሸሸችው ሰው ስለሚፈልጋት ለሆነ ልጅ ግን «እዚህ ነኝ» ብሎ መጮህ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት መሄዱንስ ተዉት፤ ከካኩማ ናይሮቢ ለመሄድ እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ባለመብቱ አድራሻ ያለው፣ ስሙን የማይፈራ፣ ጠበቃ የሚቀጥር ሰው ነው ብለው አስበው ነው የጻፉት። ሌባው ይህን ያውቃል። የስደተኛ ሥራ የሚሰረቀው ባለቤት ስለሌለው ሳይሆን ባለቤቱ ብቅ ስለማይል ነው።

መፍትሔው አንድ ነው ያገኘነው፤ ማሳወቂያውን ባለመብቱ ብቻ ሳይሆን እሱ የወከለው ሰው ወይም ድርጅትም ሊያስገባ ይችላል። ልጅቷ አንድ የሕግ ባለሙያ ወከለች፤ በባለሙያው አድራሻ ገባ። ቪዲዮው ወረደ። ያኛው ቻናል አልተከራከረም። ያጣችው ተመልካች አልተመለሰላትም፤ ግን ፊልሙ ዛሬ በራሷ ርዕስ፣ ከጎረቤቶቿ ስም ዝርዝር ጋር ነው ያለው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እንደኔ አስተያየት ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ አይስተካከልም።

ቪዲዮ ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ ተሰብሰቡ። ለየብቻችሁ ስትሆኑ ማንም ያስፈራራችኋል፤ አሥር ሆናችሁ ግን ፊልም በሕጋዊ መንገድ መጠየቅ ትችላላችሁ። በአማርኛው እንጀምር። አዲስ አበባ ያሉ ፕሮዲውሰሮች ሲኒማ ቤት ጨርሰው ያስቀመጧቸው ፊልሞች አሉ። ከመግቢያው ላይ ትንሽ ድርሻ ተቆርጦላቸው ለካምፕ ማሳያ ፈቃድ በጽሑፍ ቢሰጡ፣ ምንም ካላገኙበት ነገር የተወሰነ ያገኛሉ፤ እናንተም በፍርሃት መሥራት ትተዋላችሁ። ካምፕ ውስጥ የተሠሩ ፊልሞችንም አሳዩ፤ ከፍላችሁ።

ሕግ አስከባሪዎችም ቢሆኑ ከመውረስ በፊት ማስተማር ይቀድማል። ሕጉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ካኩማ ላይ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በአረብኛ ለሚያስብ ሰው ድንገት ቅጣት ሆኖ መምጣት የለበትም። ሺሪካ ከተማ እናደርጋችኋለን ካለ፣ ለቪዲዮ ቤት የሚመጥን፣ በኤሊያን ካርድ የሚወጣ ፈቃድም አብሮ ይምጣ።

የምትሠሩ ወጣቶች ደግሞ፣ ስማችሁን መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን መሐል ላይም አስገቡ። ያልተቆረጠውን ቀረጻ ከነቀኑ አስቀምጡ። ለተዋንያኑ፣ ለካሜራ ያዡ፣ ለመብራት ያዡ ማን ምን እንደሚደርሰው በአንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። መብራት ያዡን አትርሱ።

በማግስቱ ለወዳጄ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ያ ማለት ባለቤቱን ፈልጌ ማስፈቀድ አለብኝ ማለት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «የመጀመሪያው ፊልም የማን ይሁን?» ሲለኝ የካሎበዬይዋን ልጅ ስልክ ሰጠሁት፤ መጀመሪያ እሷን አስፈቅጄ። የተወሰደው ላፕቶፕ እስካሁን አልተመለሰም፤ አቤቱታው ግን በጽሑፍ ገብቷል። እሑድ ማታ በተዋሰው ላፕቶፕ ያሳየው የልጅቷን የ20 ደቂቃ ፊልም ነው። ከእያንዳንዱ 20 ሽልንግ 5 ሽልንጉ የሷ ነው። በምሽቱ 31 ሰው ገባ፤ 155 ሽልንግ ቆጥሮ ላከላት።

ብዙ ገንዘብ አይደለም። ግን ደረሰኝ አለው።